ወንድሜ በሬውን ሸጦ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ይግዛ? የጠየቅኩትና የተመለሰልኝ

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ ባለ የውይይት መድረክ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተከታተለው የመልስ ሰንሰለት፣ ረዘመ፣ መሀል ላይም ወደ ወፍጮና ወደ ምጣድ ሄዶ ተበተነ። ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች ከመጀመሪያው ጀምሬ በየቁጥሩ እተርካለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ ሐሳባቸውን በራሴ አነጋገር ነው ያስቀመጥኩት።

የመነሻው ጽሑፍ

ታናሽ ወንድሜ ከቡታጅራ ወደ እንሴኖ ሲኬድ ከመንገዱ ገባ ብሎ ባለ መንደር ይኖራል። የሚሠራው በሰው ባጃጅ ነው። ማታ ለባለቤቱ ገቢ ያስገባና የተረፈችውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ቤንዚን በጠፋበት ሳምንት ግን የሚተርፍ ነገር የለም። ማደያ ሰልፍ ላይ ያድራል፤ ካልሆነለት መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን በእጥፍ ይገዛል። በገበያ ቀን በርበሬዋን በማዳበሪያ ጠቅጥቃ መንገድ ዳር የቆመች እናት እሱን ስትጠብቅ እሱ ከተማ ሰልፍ ላይ ነው።

ስለዚህ ሁለት በሬውን ሸጦ፣ እቁቡን ጨምሮ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ሊገዛ ቆርጧል። ይግዛ ወይስ ይቆይ ብዬ ጠየቅኩ። የራሴንም አቋም አልደበቅኩም። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልታለች፤ አብዛኛው የሚይዘው አንድ ሰው ነው። በእኛ መንደር ግን አንድ ባጃጅ ተማሪውንም፣ በሽተኛውንም፣ በርበሬውንም ታመላልሳለች። መቅደም ያለበት ገጠሩ ነው ብዬ ጻፍኩ። አሁንም የማምነው ይህንኑ ነው።

መልሶቹ

1። የመጀመሪያው መልስ ከሐዋሳ መጣ። ጸሐፊው ራሱ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ከያዘ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ ጀመረና ዘይት መቀየር፣ ካንዴላ መጥረግ፣ የፍሪሲዮን ገመድ መቀጠል የሚባለውን ሁሉ መርሳቱን ነገረን። ማታ ይሰካል፣ ጠዋት ነቅሎ ይወጣል። በእሱ አስተያየት ወንድሜ አንድ ቀን እንኳ ማደር የለበትም።

2። ቀጥሎ የአዳማ መካኒክ ገባ፤ መልስ ከመስጠቱ በፊት ሦስት ነገር ጠየቀ። ወንድሜ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ቤቱ የራሱ ቆጣሪ አለው ወይስ ከጎረቤት የተሳበ ነው? ባትሪው ምን ዓይነት ነው?

3። እኔ መለስኩ። በአዘቦት ቀን 40፣ በገበያ ቀን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። መብራቱ ከአጎታችን ቤት በቀጭን ሽቦ የተሳበ ነው። ባትሪው ደግሞ ሻጩ እንደነገረን ደረቅ ባትሪ ነው፤ ለዓመታት ምንም አይሆንም ብሎናል።

4። መካኒኩ እዚህ ላይ ነው የኔን ዓይን የገለጠው። ደረቅ ማለት ሊቲየም ማለት አይደለም። ክዳኑ የማይከፈት፣ ውሃ የማይጨመርበት ለማለት ነው እንጂ ውስጡ ያው እርሳስና አሲድ ነው። ብዙ ገዢ ይህን ሳያውቅ ነው የሚፈርመው። ከዚያ ስሌቱን ዘረዘረ። ባለ 12 ቮልት አምስት ባትሪ ተቀጣጥሎ 60 ቮልት ይሰጣል፤ እያንዳንዱ 100 አምፒር አወር ከሆነ ጠቅላላው 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። የአሲድ ባትሪ ግን በየቀኑ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ በእርግጥ የሚሠራው 3 ነው። በሜዳ መንገድ እንዲህ ያለ ባጃጅ ለ100 ኪሎ ሜትር 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ በ3ቱ 50 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ዳገትና ጭነት ሲጨመር ከዚያም ያንሳል። የወንድሜ የገበያ ቀን 70 ነው። በዚያ ላይ የአሲድ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ተሞልቶ ይደክማል፤ በየቀኑ ለሚሰካ ሰው ዓመት፣ ቢበዛ ዓመት ከመንፈቅ ነው። የብረት ፎስፌት ሊቲየም የሚባለው ግን ከ2,000 ጊዜ በላይ ይሞላል፤ አብዛኛውንም ጉልበቱን ያለ ጉዳት ይሰጣል። ዋጋው ከፍ ያለው ለዚህ ነው።

ይህን ሳነብ ሻጩ የነገረን ትዝ አለኝ። ተናድጃለሁ። ሰውየው በሬ የሚሸጥ ገበሬ ፊት ቆሞ ነው ያንን የተናገረው።

5። አንድ አባት (ዕድሜያቸውን ስለጠቀሱ አንቱ እላቸዋለሁ) ስለ ባትሪው ምንም ሳይሉ በሬው ላይ ቆሙ። ጥማድ በሬ የሸጠ ሰው በሰኔ በምን ሊያርስ ነው? ባጃጇ ብትቆም እንኳ እህል ያለው ቤት ይከርማል። መሸጡ ግድ ከሆነ አንዱን ሸጦ በሌላው ከጎረቤት ጋር መቀናጆ እንዲገባ መከሩ። ይህ ምክር ከሁሉም በላይ ልቤ ውስጥ ቀረ፤ አዲስ አበባ ስንኖር የምንረሳው እንዲህ ያለውን ነው።

6። እዚህ ድምፁ ተለወጠ። አንድ ጸሐፊ ጉዳዩን በሙሉ ቅንጦት አለው። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ መብራት የለውም፤ ገጠር ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሪክ ፕሮግራም እስከ 2017 ሁሉም ቤት መብራት ያገኛል፣ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከመስመር ውጭ ብሎ ነበር፤ መንደሮቹ ግን አሁንም በጨለማ ናቸው። ኩራዝ ለሚያበራ ሰው ስለ ሊቲየም ማውራት ያሳፍራል የሚል ነበር የነገሩ ፍሬ።

7። የተመለሰለትም በዚያው ቁጣ ነው። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋ ዋት። ቤንዚኑ እያንዳንዱ ሊትር በዶላር ይገዛል፤ ውሃው የራሳችን ነው። የገጠሩን ሰው ኩራዝ አምላኪ አድርጎ መሳል ንቀት ነው ብሎ ሰውየውን ዘለፈው። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ሁለቱም ግን የወንድሜን ቤት ሽቦ አላዩትም።

8። ያየው ስምንተኛው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የመስመር ሠራተኛ የነበረና አሁን ጡረታ የወጣ ሰው። ክሩ ውስጥ አንድ መልስ ብቻ አንብቡ ብባል ይህንን ነው የምጠቁመው። እሱ እንዳስረዳው ኃይል ማመንጨትና ኃይል ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ግድቡ ካለበት ከጉባ በ500 ኪሎ ቮልት ተጭኖ ሆለታ የሚደርሰው ኃይል መንደር እስኪገባ ደረጃ በደረጃ ዝቅ እየተደረገ ነው የሚመጣው፤ መጨረሻ ላይ በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት መጥቶ ምሰሶ ላይ የተሰቀለችው ትራንስፎርመር 380 እና 220 ታደርገዋለች። ያቺ ትራንስፎርመር ባለ 25 ወይም ባለ 50 ኪሎ ቮልት አምፒር ከሆነች ግድቡ የፈለገውን ያህል ቢያመነጭ መንደሩ የሚደርሰው በእሷ ልክ ነው።

ከዚያ አንድም ሰው ያላሰበውን አወዳደረ። የባጃጅ ቻርጀር የሚስበው 1 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ይስባል። ማለት አንድ ምጣድ ሦስት ባጃጅ ነው። መንደሩ ምጣድ ከቻለ ባጃጅ ይችላል። ችግሩ ሁሉም በአንድ ሰዓት ሲሰካና ሽቦው ከትራንስፎርመሩ ርቆ ሲቀጥን ነው፤ ያኔ 220 የነበረው ቮልቴጅ መንገድ ላይ ያልቃል። አምፖሉ የሚቀላው ለዚያ ነው። ቻርጀሩም እንዲሁ ይደክማል፤ ወይ ይቆማል፣ ወይ ሲሞላ አድሮ ግማሽ ላይ ይገኛል። ምክሩ አጭር ነበር። ከመግዛታችሁ በፊት ቴስተር (የቮልቴጅ መለኪያ) ተውሳችሁ ሶኬቱን ለኩ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ጊዜ፣ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ።

9። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሆነች እህት ከራሷ ቀበሌ አንድ ሌሊት ተረከችልን። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ አስፋልቱ ዳር ደረሰች። የተጠራው ባጃጅ መጣ፣ ግን ቤንዚኑ እስከ ጤና ጣቢያው አያደርስም። ከአንድ ሞተር ታንከር በላስቲክ ቱቦ በአፍ ስበው ግማሽ ሃይላንድ ቀዱለት፤ የስልክ መብራት የያዘችው እሷ ነበረች። እናትየዋ ጤና ጣቢያው በር ላይ ወለደች፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው። ኤሌክትሪኩን አልተቃወመችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። ባትሪውን ማታ አሟጦ የሚገባ ሾፌር ሌሊት ቢጠራ ያው ቤንዚን እንደጨረሰው ነውና፣ ወንድሜ ሩቡን ሁልጊዜ ለሌሊት እንዲተው ለመነችው። ስድስትና ሰባት ቁጥር ላይ ሲነታረኩ የነበሩት ሁለቱም አመሰገኗት።

10 እስከ 14። የአርሲ ሰው ገብቶ ባጃጅን ተዉት፣ ገጠሩን የሚለውጠው ወፍጮ ነው አለ። በናፍጣ የሚሠራው ወፍጮ ነዳጅ ባጣ ቁጥር ሴቶች እህል ተሸክመው ሁለትና ሦስት ሰዓት እንደሚሄዱ፣ የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን ሦስት ፌዝ (በሦስት የኃይል ሽቦ የሚመጣ መስመር) ስለሚፈልግ ብዙ መንደር ላይ እንደማይተከል አስረዳ። ሌላው ወፍጮና ባጃጅ አንድ ጥያቄ ናቸው፣ ትራንስፎርመሩ አንድ ነውና ብሎ አስታረቀ፤ ወደ 8ኛውም መልሶ ጠቆመን። ከዚያ በኋላ ክሩ የኤሌክትሪክ ምጣድና የእንጨት ምጣድ እንጀራ ይለያል አይለይም ወደሚል ሄደ። እሱን አልፈዋለሁ።

15። ጂዳ የምትኖር እህት ለወንድሟ ከውጭ ገዝታ ለመላክ እንደምታስብ ጻፈችና ስለ ቀረጥ ጠየቀች። አንድ አስመጪ በ2014 ዓ.ም. የወጣውን አሠራር አስታወሰ፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የሚገባ ምንም ቀረጥ የለበትም። ሆኖም ቀረጡ ቀለለ ማለት ባትሪው ሲሞት መለዋወጫው አለ ማለት አይደለም ብሎ መከራት። ባትሪውን የሚያውቅ መካኒክ ከቤቱ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ከሌለ አትላኪ አላት።

16። የወጪ ነገር ተነሣ። አንዱ ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፍ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር መወሰኑን ጠቅሶ ርካሽነቱ አያዘልቅም አለ። የአዳማው መካኒክ ተመልሶ መጣ። የቤንዚን ባጃጅ ለ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ገደማ ትጠጣለች፤ የኤሌክትሪኳ በቻርጀር የሚባክነውን ጨምሮ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት። እያንዳንዳችሁ በምትገዙበት ዋጋ አባዙት ብሎ ተወው። አባዝቼዋለሁ። የወንድሜን የሃይላንድ ቤንዚን ትቼ በማደያ ዋጋ እንኳ ሳሰላው ልዩነቱ ሰፊ ነው። ልዩነቱን የሚበላው የባትሪ መቀየሪያው ነው፤ ስለዚህ ዞሮ ዞሮ ነገሩ 4 ቁጥር ላይ ያርፋል።

17። የኬሚስትሪ መምህር የሆነ ሰው ማናችንም ያልጠየቅነውን ጠየቀ። የሞተው ባትሪ የት ይሄዳል? አንድ ባጃጅ አምስት የእርሳስ ባትሪ በየዓመት ከመንፈቁ ትጥላለች። ሃያ ባጃጅ ያላት ከተማ መቶ። አሲዱ ቦይ ውስጥ ይደፋል፣ እርሳሱ ጓሮ ውስጥ ይቀልጣል፤ አፈሩ ላይ የሚጫወተው ሕፃን ነው። የእርሳስ መርዝ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ የተጎዳው ደግሞ አይመለስም። ሞምባሳ አጠገብ ያለችውን የኦዊኖ ኡሁሩን ሰፈር አነሣ፤ አሮጌ ባትሪ የሚያቀልጥ ፋብሪካ ነዋሪውን መርዞ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የኬንያ ፍርድ ቤት ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን ሺሊንግ ካሣ ወስኖላቸዋል። ነዳጅ ያልነካው መንደር በእርሳስ እንዳይበከል ነው ስጋቱ። ለዚህ መልስ የሰጠ አልነበረም። እኔም የለኝም፤ የአሲዱን ባትሪ እንዳይገዛ ለወንድሜ የነገርኩት ግን ለኪሱ ብቻ ብዬ አይደለም።

18። ሕንድ የተማረ ሰው የዚያን አገር የኤሌክትሪክ ሪክሾ ታሪክ ነገረን። ያለ ዕቅድ ነው የተስፋፋው፤ አብዛኛው በእርሳስ ባትሪ፣ ብዙው ከመስመር በስርቆት እየሞላ። ከዚያ ኪጋሊን አነሣ፤ እዚያ ሞተር ሳይክል ነጂው ባትሪ አይገዛም፣ ጣቢያ ገብቶ ባዶውን ሰጥቶ ሙሉውን ይወስዳል። ታዲያ እንሴኖ ላይ አምስት ሾፌሮች እንደ እድር ተሰባስበው ትርፍ ባትሪ በጋራ ቢይዙ ምን ይከለክላል አለ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ዛሬ ግን ባጃጆቹ ሁሉ የተለያየ መጠን ባትሪ ነው ያላቸው፤ የአንዱ ለአንዱ አይገጥምም።

19 እና 20። የሉም፤ አወያዩ ሰርዟቸዋል። ከባጃጅ ተነሥቶ ሰው ከየት መጣህ ወደ መባባል ተደርሶ ነበር። መሰረዛቸው ተገቢ ነው።

21። ከመቂ የጻፈ ገበሬ የፀሐይ ፓምፕ አለው፤ ከናፍጣ ፓምፕ ተላቆ ሽንኩርቱን በፀሐይ ያጠጣል። ለባጃጅም ፓነል ይበቃል ወይ ተባለ። 3 ኪሎ ዋት ሰዓት በቀን ለማግኘት ከ800 ዋት እስከ 1 ኪሎ ዋት ፓነል ያሻል፤ ጣሪያ ላይ ይሰቀላል። ግን ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ባጃጇ መንገድ ላይ ናት። ሁለተኛ ባትሪ ከሌለ ፀሐዩ ጣሪያ ላይ ይቀራል። ውሃ ግን ቀን ተስቦ ቀን ይጠጣል፤ ለዚህ ነው ፓምፑ የሠራለት።

22። ከዚያ ያልጠበቅኩት ሰው ጻፈ። ወንድሜ። አንድ ጓደኛው ክሩን አሳይቶት ኖሯል። ጋሼ ብሎ ነው የጀመረው፤ ቀጥሎ ያለው ግን ከበድ ይላል። የእሱን በሬ ለማያውቁት ሰዎች አደባባይ ማውጣቴ ቅር አሰኝቶታል። ማደያ ሰልፍ ላይ ባጃጁ ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ ሲያድር ማናችንም አልነበርንም። መንገዱንም ከስሌታችን በላይ እሱ ያውቀዋል፤ በርበሬ ጭኖ ወደ ገበያ ሲሄድ አብዛኛው ቁልቁለት ነው፣ ባዶውን ሲመለስ ነው ዳገቱ። ለሰዎቹ ምስጋና አቀረበ፤ ለእኔ ግን አላቀረበም። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ እዚሁ ሁሉም እያየ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ መጀመሪያ እሱን መጠየቅ ነበረብኝ።

23። ጡረተኛው የመስመር ሠራተኛ ቀጥታ ለወንድሜ ጻፈለት፤ ልጄ እያለ። የቁልቁለቱ ነገር ስሌቱን እንደሚያሻሽለው መሰከረለት። ከዚያ ቴስተሩን እንዴት እንደሚይዝ፣ መዞሪያውን የትኛው ምልክት ላይ እንደሚያደርግ፣ ሁለቱን ጫፍ ሶኬቱ ውስጥ ሲከት እጁ ብረቱን እንዳይነካ አንድ በአንድ አስረዳው። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውንም ቁጥር ሻጩ ሱቅ ሄዶ እንዲያነብ ነገረው።

24። ወንድሜ ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሰ። ቻርጀሩ ላይ ያለው ከ180 እስከ 240 ይላል። የቤቱ ሶኬት ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ 164 አነበበ፤ የአጎታችን ሚስት ምጣድ ስትጥድ 158 ወረደ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ሲለካ 217 ነበር። ፎቶውን አያይዞታል፤ ቴስተሩ በግራ እጁ፣ የስልኩ መብራት በጥርሱ ተይዞ ይመስላል፣ ከበስተጀርባ የጭቃው ግድግዳ ይታያል።

25። ሠራተኛው ሌሊት መሙላት እንደሚቻል፣ ሰዓት እየቆጠረ የሚያበራና የሚያጠፋ ሶኬት እንደሚበቃ፣ ለዘለቄታው ግን የራሱን ቆጣሪ ማውጣትና ያን ቀጭን ሽቦ መጣል እንዳለበት ነገረው።

26። ወንድሜ የቆጣሪ ማመልከቻ አስገብቷል። አንዱን በሬ ብቻ ለመሸጥ ወስኗል፤ ከጎረቤቱ ጋር ለሰኔ መቀናጆ ተነጋግረዋል። ሊቲየሙን ለመግዛት የሚጎድለውን እኔ እሞላለሁ። ባለ አሲድ ባትሪዋን ባጃጅ ለመግዛት የሰጠውን ቀብድ ግን ሻጩ እስካሁን አልመለሰም።

27 እስከ 35። ከዚህ ወዲህ ክሩ ላይ ወሬ የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚለጠፈው። ከየመንደሩ ሰዎች ቴስተር እየተዋሱ የምሽቱንና የሌሊቱን ጎን ለጎን ይጽፋሉ። አንዱ 171 እና 214። አንዷ፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ የምትኖር፣ ወፍጮው ሲነሣ 149፣ ሲቆም 208። አንዱ ትራንስፎርመሩ አጠገብ ስለሆነ ሁለቱም ጊዜ 220። የመጨረሻው ትናንት ማታ የተለጠፈ ነው፤ መንደራቸው መብራት ስለሌለው የሚለካ የለውም፣ ግን ቴስተሩን ገዝቶ አስቀምጦታል።